በማላውቀው አልምልም

የደወለችልኝ ሴትዮ ሞቱ አላለችኝም። «መምህርት፣ የት እንቅበራቸው?» ነው ያለችኝ። ፍኖተ ሰላም ገበያ መሃል ሽንኩርት እያስመዘንሁ ነበር። ማንን ነው የምትዪው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ከቡሬ የሚደውልልኝ ሌላ ሰው የለም፤ እሷም ለጋሽ አስማረ ቤት ያከራየች ሴት ናት።

«ትናንት ከሰዓት ማንንም ሳያስቸግሩ አረፉ» አለችኝ። «ወረቀት ትተዋል፤ ያንቺ ስልክ አለበት። ከሥሩ ‹የሚቻል ከሆነ ከትብለጥ አጠገብ› ይላል። ትብለጥ ማን ናት?»

ትብለጥ ሚስታቸው ናት። የተቀበረችው ከቡሬ ወረድ ብላ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ፣ ሚካኤል ግቢ ነው። የቀበሌዋን ስም አልጠራም፤ ለምን እንዳልጠራሁ ስጨርስ ይገባችኋል። በዚያ ግቢ ጋሽ አስማረ ግዝት ያለባቸው ሰው ናቸው፤ ሞተውም ቢሆን በሩን አያልፉም ተብሏል። ይኸ የሆነው ደግሞ በእኔ ዝምታ ነው። በሉ እንግዲህ፣ ከመጀመሪያው ልናገር።

በዚያች ቀበሌ ትምህርት ቤት እሳቸው ሒሳብና ፊዚክስ፣ እኔ አማርኛ እያስተማርን ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። ረዘም ያሉ፣ ጎበጥ ያሉ፣ ግራጫ ካፖርታቸው ኪስ ጠመኔ የማያጣ ሰው ነበሩ። ስትጠይቋቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ነው የሚመልሱት። ብዙ ጊዜ ደግሞ መልሳቸው አንድ ነው፦ «አላውቅም»። ዝናብ ይመጣ ይሆን ጋሼ? አላውቅም። ደሞዝ ይገባ ይሆን? አላውቅም። እኔ መቼም ቁጡ ነኝና መጀመሪያ አካባቢ ያናድዱኝ ነበር። እንዲያው ሰው ምናለበት ለወሬ ያህል እንኳ ቢገምት!

ፈተና ላይማ ጉድ ነበር። ተማሪው ገምቶ ከተሳሳተ ዜሮ ነው። «አላውቅም» ብሎ ከጻፈ ግን ግማሽ ማርክ ይሰጡታል። ወላጅ ጮኸ፣ ርእሰ መምህሩ ጠርቶ ተቆጣ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ልጁ እውነት ጻፈ፤ እውነት የጻፈን ልጅ እንዴት ዜሮ ልስጠው?» አሉት። ርእሰ መምህሩም ተወው።

አንድ ቀን በክፍላቸው መስኮት ሳልፍ ጡጫቸውን ወደ ላይ አንሥተው «እጄ ውስጥ ጠመኔ አለ?» ሲሉ ሰማሁ። ግማሹ ክፍል አለ ብሎ ጮኸ፣ ግማሹ የለም አለ። ከኋላ አንዲት ልጅ በቀስታ «አላየነውም እኮ ጋሼ» አለች። ደስ ብሏቸው «አለ ያላችሁ አመናችሁ፤ የለም ያላችሁ ካዳችሁ፤ እሷ ግን አላየሁም አለች። ሦስቱ የተለያዩ ናቸው፤ አታደበላልቋቸው» አሉ። ልጆቹ ይክፈቱት ብለው ቢለምኗቸው ጡጫቸውን እንደጨበጡ ኪሳቸው ከተቱት። እኔም ጠመኔ ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በልጅነታቸው ቅኔ የተማሩ፣ ዲያቆንም የነበሩ ናቸው። ትብለጥ ምጥ ጠንቶባት ሦስት ቀን ስትጨነቅ እሳቸው ሦስቱንም ቀን ተንበርክከው ጸለዩ። እሷም ልጁም አልተረፉም። ከዚያ ወዲህ ማተባቸውን ፈቱ። ሰው ሁሉ «እግዜርን ተቀይመው ነው» ይላል። እኔም ምን ቆርጦኝ እንደሆነ እንጃ አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

«አልተቀየምሁም» አሉኝ። «ሦስት ቀን ተጣራሁ፣ መልስ አልሰማሁም። ላይኖር ይችላል። ኖሮ ዝም ብሎኝም ይሆናል። የቱ እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። ሳላውቅ አለ ብል ውሸት፤ ሳላውቅ የለም ብል እሱም ውሸት።»

እሑድ እሑድ ግን ቅዳሴ አያመልጣቸውም ነበር። ከቅጥሩ ውጭ፣ የትብለጥ መቃብር በሚታይበት በኩል ቆመው እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ፤ አይገቡም፣ አይሳለሙም። አባ ሞገስ፣ የደብሩ ቄስ፣ ሲያልፉ «ዛሬም ደጅ ነህ አስማረ?» ይሏቸዋል። «ዛሬም ደጅ ነኝ አባ» ይላሉ። ሁለቱም ለዓመታት ከዚህ ሌላ አልተነጋገሩም።

አሁን ምንይችልን ላምጣው። ምንይችል ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ቀበሌዋ የተመደበ የግብርና ባለሙያ ነው። ሞተር ሳይክል አለው፣ አንደበቱ ማር ነው፣ አንገቱ ላይ ከቄሶቹ የወፈረ ማተብ አስሯል። ሻይ ቤት ሦስታችን ብቻችንን ስንሆን ድምፁን ዝቅ ያደርግና «እግዜር የለም ብዬ ከጨረስሁ ቆየሁ፤ ማተቡ ለሕዝቡ ነው» ይለናል። ጋሽ አስማረን ደግሞ እንደ ጓደኛው ነበር የሚቆጥራቸው።

«ጋሼ፣ እኔና እርስዎ እኮ አንድ ነን» አላቸው አንድ ቀን።

«አይደለንም» አሉት። «አንተ የሰው ደጅ አንኳኩተህ መልስ ስታጣ ‹ሰው የለም› ብለህ አጥሩን ነቅለህ የምትገባ ነህ። እኔ አንኳኩቼ ደጅ የቆምሁ ነኝ።»

ምንይችል ሳቀ። «እና የለም ያለ ሁሉ ሌባ ነው?»

«እሱን አላልሁም። ኮሌጅ ሳለሁ የለም ብሎ የቆረጠ ጓደኛ ነበረኝ። ቃሉን ሲጠብቅ ከብዙ ቄስ ይበልጥ ነበር። ‹የሚያየኝ ከሌለ እኔው ራሴን ልየው› ይል ነበር። አንተ ግን የሚያይህ ባለመኖሩ ደስ ያለህ ትመስላለህ።»

ምንይችል አሁንም ሳቀ፤ ሻዩን ግን ሳይጨርስ ተነሣ።

ያን ዓመት ኅዳር ላይ ስብሰባ ነበር። ምንይችል ስለ ማዳበሪያ ሲያስረዳ አያ ደሴ የሚባሉ ገበሬ ተነሡና «ልጄ፣ ሞፈር ጨብጠህ ታውቃለህ? እጅህን እስቲ አሳየን!» አሉት። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ጎረምሳማ እጁን ይዞ ሊያሳይ ታገለው። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን ልዋሽ። ምንይችል አብሮ ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን ስብሰባው አልቆ ሰው ከተበተነ በኋላም ፊቱ ላይ እንዳለ ነበር።

በወሩ ታኅሣሥ፣ ጤፉ ታጭዶ ተከምሮ ውቂያ ሲጠብቅ፣ ሰው ሁሉ ከወንዙ ማዶ ለቅሶ ሄደ። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ቤት ቀረሁ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ውኃ ልቀዳ ወጣሁና ከአያ ደሴ አውድማ በኩል በሚመጣው መንገድ ምንይችልን አየሁት። ሞተሩን ሳያስነሣ በእጁ እየገፋ ነበር። እንዴት ዋልሽ አለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልሁት። ተበላሽቶበት ነው ብዬ አዘንሁለት። ዳገቱን ካለፈ በኋላ ግን አስነሥቶ ሲሄድ ሰማሁ። ጀሪካኔ ሳይሞላ የአያ ደሴ ክምር ጢሱ ወጣ። የዓመት ጉሮሯቸው፣ የስድስት ልጆች እንጀራ፣ ሰው ከለቅሶ እስኪመለስ ዓመድ ሆነ።

በማግስቱ ምንይችል ቤቴ ድረስ መጣ። አልተቀመጠም። በሩን ይዞ ቆሞ «ዓለምዬ፣ ትናንት አመመሽ አሉ። ተኝተሽ ነው የዋልሽው አይደል?» አለኝ። ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ፤ የቤቴ በር ቆርቆሮ ነው። «ተኝቼ ነው የዋልሁት» አልሁት። «ጎበዝ» ብሎኝ ሄደ።

በዚያ ጊዜ መንገዱም አስጊ ነበርና ፖሊስ ከከተማ አይወጣም ነበር። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው የድሮውን አውጫጭኝ አነሡት። አውጫጭኝ ማለት ጥፋት ሲጠፋ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ያየ እስኪናገር፣ ያላየም እስኪምል ድረስ የሚዋልበት ሸንጎ ነው። ከሚካኤል ደጅ ሾላው ሥር ተሰበሰብን። አባ ሞገስ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ፤ አጠገባቸው ፍም የተሞላ ምድጃና ውኃ ያለበት ገበቴ ነበር። እያንዳንዱ ሰው መስቀሉን ይዞ «አይቼ ብደብቅ፣ ሠርቼ ብክድ፣ እንደዚህች ፍም ያጥፋኝ» ይላል። አንድ ሽማግሌ በጉጠት ፍም አንሥቶ ገበቴው ውስጥ ይነክራል። ፍሙ ጭስ ብሎ ይጠፋል። ቀጣዩ ይጠራል። ከጠዋት እስከ ቀትር ያንን ድምፅ ስሰማ ዋልሁ።

ምንይችል ሲጠራ ቀልጠፍ ብሎ ቀረበ። ማተቡን ወደ ውጭ አወጣ፣ መስቀሉን ስሞ ጥርት ባለ ድምፅ ማለ። ጭስ። ሲመለስ በአጠገቤ ሲያልፍ እንኳ አላየኝም፤ ስለ ምንም የማይጨነቅ ሰው ነበር የሚመስለው።

ቀጥሎ እኔ ነበርሁ። እኔ አማኝ ነኝ። ጾም አልሽርም፣ ንስሐ አባት አለኝ፣ እሱ አለ ብዬ ነው ያደግሁት። አለ ብዬ እያመንሁ፣ ያያል ብዬ እያመንሁ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ መስቀሉን ያዝሁና አላየሁም ብዬ ማልሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ጭስ አለ። እዚያው መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። መሬት ግን አልዋጠችኝም።

ጋሽ አስማረ ሲጠሩ ቀረቡና እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«አላየሁም፤ አላቃጠልሁም» አሉ። «ለቅሶ ላይ ነበርሁ። ይኸን በቃሌ እናገራለሁ። በማላውቀው ግን አልምልም።»

ሰዉ አጉረመረመ። አባ ሞገስ መስቀሉን ወደ እሳቸው ዘረጉ። «አስማረ፣ ለዛሬ ብቻ። ማልና እረፍ። ፈጣሪን ካድህ እንዴ?»

«አልካድሁም አባ። ክጄ ቢሆን ኖሮ መማል ምን ይቸግረኝ ነበር? የለም ላለ ሰው ይኸ መስቀል እንጨት ነው። ለእኔ ግን እንጨት ይሁን ሌላ አላውቅም። ቢኖርስ? እንዴት ስሙን በከንቱ እጠራለሁ?»

ማን ይገባዋል ይኸ! የካደው ሲምል፣ ያመነችው ስትዋሽ የቻለ ሸንጎ፣ አንድ እውነተኛ ሰው መቻል አቃተው። «የማይምል የሚደብቀው ቢኖረው ነው!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ሌላውም ተቀበለው። አያ ደሴ ራሳቸው እንባ እያነቃቸው «መምህር፣ ልጆቼን አስተምረሃል። ምነው?» አሉ። ጋሽ አስማረ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «አያ ደሴ፣ እኔ አይደለሁም» አሉ። ምንይችል መሬት መሬት ያያል። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

ግዝቱ ተነገረ። ያቃጠለውም፣ አይቶ የደበቀውም ዘሩ አይብቀል፣ ደጁ አይከፈት፣ አፈር አይቀበለው ተባለ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም በራሴ ላይ አሜን አልሁ።

ያልማሉት ጋሽ አስማረ ብቻ ነበሩና፣ ለቅሶ ላይ ያያቸው ሰው ሳይቀር ‹ያቃጠለውን ያውቃል› ብሎ ግዝቱን በእሳቸው አደረገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውኃና እሳት የሚሰጣቸው ጠፋ። ልጆቹ ከክፍላቸው ቀሩ። ባዶ ወንበር ፊት ቆመው ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ በመስኮት አየኋቸው፤ ሰዓታቸውን ጨርሰው ጠርገውት ወጡ። በወሩ ለቀቁና ቡሬ አንዲት ክፍል ተከራይተው የተማሪ ማስጠናት ያዙ። እኔም ዝውውር ጠይቄ ፍኖተ ሰላም ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ እርግማኑን ጠበቅሁ። በሽታ ይመጣል፣ መኪና ይገለብጠኛል፣ አንድ ነገር ይሆናል እያልሁ። አራት ዓመት ምንም አልሆንሁም። ምንይችልም እድገት አገኘ፣ ቤት ሠራ፣ የሚካኤል ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበር ሆነ፣ የግቢው ቁልፍ በእጁ ገባ። እግዜር ቢቀጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ሲለኝ ነው የፈራሁት።

አምና መንገዱ ሲከፈት ቡሬ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ከስተዋል። ሻይ አፍልተው ሰጡኝና እንዲህ በወሬ መሃል «ያን ቀን ስትምዪ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉኝ።

ብርጭቆውን መሬት አስቀመጥሁት። «ጋሼ... ያውቃሉ ማለት ነው?»

«አላውቅም። ጠይቄሽ አላውቅማ። ብጠይቅሽ ያኔ ትዋሺኝ ነበር፤ በውሸትሽም አውቅ ነበር። ከዚያ ዝም ማለት አልችልም። አንቺ ደግሞ ብቻሽን ነበርሽ የምትኖሪው።»

አለቀስሁ። እንደ ሕፃን ልጅ እየተንሰቀሰቅሁ አለቀስሁ። እሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «በይ ተይ፣ ለጊዜው ግማሽ ማርክ አለሽ» አሉኝና ሳቁ። የመጨረሻ ቃላቸው ለእኔ ይኸው ነው። ወይ ነዶ! ያን ቀን ሄጄ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርሁም።

ሬሳቸውን በአይሱዙ ጭነን ሄድን፤ አከራያቸው፣ አምስት ያስጠኗቸው ልጆች፣ እኔ። ሚካኤል ደጅ ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን። ምንይችል ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። «እኔም እወዳቸው ነበር፤ ግን ግዝት ነው፣ ደንብ ነው» አለ፤ ፊቱን ላየው ሰው ያዘነ ይመስላል። አባ ሞገስ አርጅተው በትር ተደግፈዋል። «ልጆቼ፣ ያየ ሰው ካልተናገረ ግዝቱ አይፈታም» አሉ።

«እኔ አይቻለሁ» አልሁ።

ድምፄን ራሴም አላወቅሁትም። ሰዉ ዞረ። አባ ሞገስ ቀስ ብለው ቀረቡኝና መስቀላቸውን ዘረጉ። «እንግዲያው ማይና ተናገሪ።»

መስቀሉን አየሁት። ያው የያኔው ነው።

«አባ፣ በዚህ መስቀል አንድ ጊዜ ምያለሁ። ውሸት ነበር። ሁለተኛ አልምልም። ያየሁትን ግን በቃሌ ልናገር» አልሁና ሁሉንም ተናገርሁ። ለቅሶውን፣ ጀሪካኑን፣ ሳይነሣ የተገፋውን ሞተር፣ በማግስቱ ደጄ ላይ የቆመውን ሰው።

ሰዉ ሁሉ ምንይችልን አየው። እሱ ግን አልደነገጠም። ያ የስብሰባው ዕለት ፈገግታ ፊቱ ላይ ተመልሶ መጣ። «እሷ መማል ፈራች፤ እኔ አልፈራም። አምጡ አባ፣ አሁኑኑ እምላለሁ» አለና እጁን ወደ መስቀሉ ሰደደ።

አያ ደሴ ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በልጃቸው ትከሻ ተመርተው መጡና የምንይችልን እጅ ያዙ።

«ተው ልጄ» አሉት። «አንተማ መማል ይቀልሃል። እኒያን ሰው ግን ከብዷቸው ነበር፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ።» ከዚያ ወደ ሬሳው ዞረው «መምህር፣ ይቅር በለኝ» አሉና ዶማ አምጡ አሉ።

አባ ሞገስ ግዝቱን ፈቱ። ፍትሐቱን ግን አልደፈሩም፤ «እሱን ለፈጣሪ እንተወው፤ አፈሩን ግን አልከለክልም» አሉ። ጋሽ አስማረም ያለ ፍትሐት፣ ከትብለጥ አጠገብ፣ ከቅጥሩ ውስጥ ተቀበሩ። ከዓመታት በኋላ ደጁን አለፉ።

ምንይችል ቁልፉን አስረክቦ ሞተሩን ሊያስነሣ ሲሄድ በአጠገቤ አለፈ። «ዓለምዬ፣ አሁንም ብቻሽን ነው የምትኖሪው?» አለኝ፤ በደግ ድምፅ፣ ሰው እየሰማ።

ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ ቤቴ ሆኜ ወጥ ሳማስል ከጓሮዬ ባለው ኮረኮንች ጎማ ሲንከባለል ሰማሁ። ሞተሩ አልተነሣም፤ ሰው እየገፋው ነው። አጥሬ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ልጸልይ ብዬ አፌን ከፈትሁ፤ የሚሰማኝ እንዳለ ሳልጠራጠር የኖርሁ ሴት፣ መልስ ይመጣ እንደሆነ ብዬ መጀመሪያ ጆሮዬን ጣልሁ። ጎማው ቆይቶ ተንከባለለና ሄደ።

በሩን አልከፈትሁም። ማን እንደሆነ አላውቅም።